የነጠላ ልጓም

የወደቅሁት እየነዳሁ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል አላፍርም ነበር። እኔ የወደቅሁት ቆሜ ነው። ሐይቅ ዳር ካሉት ዓሣ ቤቶች አንዱ ፊት ለፊት ሞተሬን አቆምኩ፣ እንደ ልማዴ ግራ እግሬን ወደ መሬት ሰደድኩ፣ መሬቱ የለም። ሞተሩ ድሮም ረጅም ነው፤ ለአስፋልትም ለኮረኮንችም ተብሎ የተሠራ፣ ጎማው ጥርሳም፣ ወገቡ ከፍ ያለ። አጥሮ የተገኘው ባለቤቱ ነው። ሰው ሲያረጅ እንደሚያጥር ሰምቼ ነበር፤ እንዲህ በአደባባይ ይለካል ብዬ ግን አልጠረጠርኩም። ሞተሩም እኔም ቀስ ብለን፣ ሳንጣደፍ፣ ጎን ለጎን ተጋደምን።

በሐይቁ ዳር ፎቶ ይነሱ የነበሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሮጠው መጡ።

«አባባ፣ ተጎዱ እንዴ?» አለችኝ አንዷ።

«ኧረ ትንሽ ጋደም ብዬ ነው» አልኳት።

ጎረምሶቹ ሞተሩን አነሱ፣ ልጃገረዶቹ እኔን። ክብደታችንን አይተው የተከፋፈሉን ይመስለኛል።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ አዲስ አበባ ገባ። ቤቴ ስደርስ አዲስ አበባ የምትኖረው ሴት ልጄ ከእናቷ ጋር በስልክ ፍርዱን ጨርሳለች፤ ሞተሩ ይሸጣል። ከቱላ የሚመጣ ገዢ እሑድ እንዲያየው ተቀጠረ። ቁልፉን ባለቤቴ ወሰደችና ጨው ዕቃው ውስጥ ከተተችው። እኔ ለደም ግፊቴ ጨው ስለተከለከልኩ ወደዚያ ዕቃ ዝር እንደማልል ታውቃለች።

ይህ ለሌላ ሰው ብረት መሸጥ ነው። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የከብት ክትባት ይዤ ገጠር ለገጠር የዞርኩት በሞተር ነው። የመሥሪያ ቤቱን ሞተር ያስረከብኩ ቀን እንደ ለቅሶ ደራሽ ፊቴ ጠቁሮ ገባሁ። ከዚያ ታናሽ ወንድሙን የሚመስል አሮጌ ሞተር ገዛሁና ቅዳሜ ቅዳሜ ከሻሸመኔ ወዲያ ወዳለው የቆርኬዎች መጠለያ መሄድ ጀመርኩ። ላላየው ልንገር፤ ቆርኬ ፊቱ እንደ እኔ የረዘመ፣ ከትከሻው ከፍ፣ ከኋላው ዝቅ ያለ ቀይ የዱር እንስሳ ነው። ሲፈጠር መሃል ላይ ሐሳብ የተቀየረበት ይመስላል። ደስ የሚለኝ ደግሞ ኩይሳ ላይ ይወጣና እንደ ትራፊክ ፖሊስ ቆሞ ሜዳውን ይቃኛል። ይህን ሳወራ ግን ቤት ውስጥ የሚያምነኝ አልነበረም። አይፈረድባቸውም፤ አንድ ጠዋት ጉማሬ ከሐይቁ ብቅ ብሎ እንዴት አደርክ አለኝ ብዬ ያወራሁ ሰው ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ላይ ድምፄን እንደ በሽተኛ አቀጠንኩ።

«ነገ መሄዱ አይደል። አንድ ጊዜ ብቻ ልሰናበታቸው።»

«እነማንን?» አለች ባለቤቴ።

«ቆርኬዎቹን።»

«ኩይሳ ላይ የሚወጡትን?»

«እነሱን።»

ሻይዋን ጠጥታ ጨረሰች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ጨው ዕቃው ሄደች።

«እኔም እመጣለሁ» አለች። «ብቻህን ወድቀህ ጅብ ሲጎትትህ የሚነግረኝ እንኳ የለም። ደግሞም በዓይኔ ልይ። መንዳት ከቻልክ ለልጅህ የምነግራት እኔ ነኝ። ካልቻልክ ራስህ አጥበህ፣ ወልውለህ ታስረክባለህ።»

ወልደን፣ ድረን፣ የልጅ ልጅ እስክናይ አብረን ስንኖር ባለቤቴ ሞተር ላይ ወጥታ አታውቅም። ከጎረቤት ሄልሜት ተዋስኩላት፤ ሻሿ ላይ ደፋችው። እንደ ጨዋ ሴት ሁለት እግሯን በአንድ ወገን አድርጋ በጎን ተቀመጠች። ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

«ምን ልያዝ?»

«ወገቤን ነዋ።»

«በጠራራ ፀሐይ? ሰፈር እያየ?»

እውነቷን ነው። እኛ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እንኳ እሷ ትንሽ ወደ ኋላ ብላ ነው የምትራመደው። ራሷ በሄልሜት ተይዟልና ነጠላዋ ሥራ ፈትቶ ነበር። በወገቤ ዙሪያ አዞረችው፣ ሆዴ ላይ ቋጠረችው፣ ሁለቱን ጫፎች በብብቴ ሥር መልሳ በሁለት እጇ ጨበጠች።

«ቀኙን ስስብ ቀስ ትላለህ። ግራውን ስስብ ትቆማለህ።»

«ስትለቂኝስ?»

«አልለቅህም።»

እንዲህ ተለጉሜ መናኸሪያ ደረስኩ። ተራ የሚጠብቁት የባጃጅ ሾፌሮች ገና ከሩቅ አዩን።

«ፋዘር! ሙሽራዋን ወዴት ነው?»

«እማማ፣ ልጓሙን ጠበቅ ያድርጉት፣ እንዳይደነብር!»

ባለቤቴ ከሄልሜቷ ውስጥ «ለምዷል፣ አይደነብርም» አለቻቸው።

አስፋልቱን እንደ ተፈታኝ ተማሪ ነዳሁ። ቀኙ ሲሳብ ቀስ፣ ግራው ሲሳብ ቀጥ። አንዴ ግራውን የሳበችው ቲማቲም ለመግዛት ነበር፤ ቆምኩላት።

መጠለያው በር ላይ የሚያውቀኝ ጠባቂ ብድግ ብሎ ሰላም አለን።

«ጋሼ፣ ዛሬ ከእማማ ጋር ነዎት?»

«ከዳኛዬ ጋር ነኝ።»

«ከመኪናው መንገድ እንዳይወጡ። ጥሩንባም የለም፣ የወለዱ አሉ።»

ሣሩ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኖ ተዘርግቷል፤ እዚህም እዚያም ግራር፣ እዚህም እዚያም ቀይ ኩይሳ። መንገዱ የመኪና ጎማ የቆፈረው ሁለት ቀጭን መስመር ነው፤ እኔ አንዱን ይዤ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ እያልኩ ሄድኩ። ልጓሙ ላላ። ከኋላዬ «ደህና ትነዳለህ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እዚህ ላይ ዝም ብዬ ብነዳ ኖሮ ፍርዱ በእጄ ነበር። ግን እኔን ማመስገን ጥሩ አይደለም። ከፊታችን ትንሽ የጎርፍ ቦይ ነበረች። በጎልማሳነቴ እንዲህ ያለችውን እግር ማሳረፊያው ላይ ብድግ ብዬ ነበር የማልፋት። ብድግ አልኩ።

ባለቤቴ ሁለቱንም ጫፎች ባንድ ጊዜ ሳበች። ስለ ሁለቱ ደግሞ አልተዋዋልንም።

ምን ማለቷ እንደሆነ ልጠይቃት ዞር ስል የፊት ጎማው በራሱ መንገድ ወደ ሣሩ ገባ። አንዱ የነጠላ ጫፍ ከእጇ አመለጠ፤ የኋላ ጎማው ካቴና ጎረሰው። ሞተሩ ሳል ብጤ ሳለና ጠፋ፣ እኔንም በወገቤ ጎትቶ ጎኑ አጋደመኝ። ባለቤቴ በጎን ተቀምጣ ስለነበር ከወንበር እንደሚነሣ ሰው ዝም ብላ ቆመች።

አለቀ አልኩ በልቤ። በራሴ ሚስት ነጠላ ከሞተሬ ጋር ታስሬ ሣር ውስጥ ተኝቼ፣ የነገው ገዢ ጎማውን በእግሩ ሲመታ ታየኝ።

«ተጎዳሽ?» አልኳት። «ስሚ፣ ይቺ ቦይ እኮ...»

«ዝም በል» አለች በሹክሹክታ። የምታየው እኔን አልነበረም።

ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ርቀት አንድ ቆርኬ ኩይሳ ጫፍ ላይ ቆሟል። አራት እግሩን ሰብስቦ፣ ያንን ረጅም ፊቱን ወደኛ አድርጎ። ከሥሩ ሌሎች ነበሩ፤ ከአንዷ ጎን ገና ጸጉሩ የፈዘዘ ግልገል አለ። የሞተሩ ድምፅ ስለጠፋ ሣር ሲነጩ ይሰማል። ምን ዓይነት ፍጥረቶች ናቸው ብለው የሚወያዩብን ይመስሉ ነበር።

«ለካ እውነትህን ነው» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «ይህን ሁሉ ዓመት ብቻህን ታያቸው ነበር?»

እንደተጋደምኩ ግልገሉን በጣቴ አሳየኋት።

እስኪርቁ ድረስ አልተንቀሳቀስንም፤ እኔ ብፈልግም አልችልም ነበር። ከዚያ ሆዴ ላይ ያለውን ቋጠሮ ፈታችልኝ። መነጽሬን ቤት ረስቻለሁና ካቴናው ውስጥ የገባውን ማየት አልቻልኩም። ሞተሩን አቁመን እኔ የኋላ ጎማውን ወደ ኋላ አዞርኩ፣ እሷ የልጆቿን አሮጌ ሹራብ ተርትራ አዲስ ትሠራበት በነበረው ጣቷ ቀስ እያደረገች ሳበችው። ነጠላው ወጣ። በዘይት ጠቁሯል፣ የካቴናው ጥርስ በተርታ በስቶታል።

ፀሐይ ላይ ዘርግታ አየችው። «አዲስ ጥለት አወጣ» አለችና ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ኋላ ሄልሜቷ እስኪንቀጠቀጥ። እኔም ሳቅሁ፤ የጎድን አጥንቴ ግን አልተስማማም።

«ልጅህ ለፋሲካ የላከችው እኮ ነው። ምን ልንላት ነው?»

«ጉማሬ በላው እንበላት።»

«አንተ ደግሞ! ይልቅ ስማ። ሁለተኛ እንደ ቆርኬ ብድግ ማለት የለም።»

«የለም።»

ነጠላውን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ልጓም ስለሌለ በሁለት እጇ ወገቤን ያዘች፤ ገጠር ነው፣ የሚያይ የለም። ሻሸመኔ ስንገባ ትለቀኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልለቀቀችም። የከተማችን መናኸሪያ ስንደርስ የጠዋቶቹ ሾፌሮች እዚያው ነበሩ።

«ፋዘር፣ ልጓሙስ የት ደረሰ?»

«በላው!» አለቻቸው ባለቤቴ፣ እጇን ሳታነሣ።

ማታ ልጃችን ደወለች። ባለቤቴ ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አድርጋ ስለምትይዝ ሁሉንም እሰማለሁ።

«ለዚያ ለቱላው ሰውዬ ደውዪለትና እንዳይደክም ንገሪው» አለቻት።

«እማዬ! አባዬ ምን ብሎ ሸወደሽ?»

«ምንም። ሲነዳ አየሁት፤ ወደፊትም እያየሁት ነው የሚነዳው። ይልቅ ሱሪ ላኪልኝ።»

«የምን ሱሪ?»

«የሚለበስ ነዋ። ወፈር ያለ። ጥቁር ይሁን፣ ዘይት እንዳያሳይ።»



ሱሪው መጣ። ቁልፉ ዛሬም ጨው ዕቃው ውስጥ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት የምታወጣው እሷ ናት። እግሯን እንደ ወንድ አሻግራ ትቀመጣለች። ልንቆም ስንል ከትከሻዬ በላይ አንገቷን አስግጋ፣ አጭር እግሬ የሚያርፍበትን ድንጋይ ከሩቅ መርጣ በጣቷ ታሳየኛለች።

«እዚያች ጋ» ትለኛለች። እዚያች ጋ እቆማለሁ።