የቴኒስ ክለቡ ግድግዳ

በቀለች ሜትር የያዘ ሰው አትወድም። ባለፈው በጋ ከጎፋ በታች ያሉት የጭቃ ቤቶች ተለኩ፣ ቀይ ቀለም ተቀቡ፣ ከዚያ ፈረሱ። ናፍቆት የምትባል ወጣት ሜትሯን ይዛ የቴኒስ ክለቡን በር ስታንኳኳ፣ በቀለች የከፈተችላት በግማሽ ነው።

"ከየት ነሽ?"

"የድሮ ቤቶችን ታሪክ ከሚመዘግቡት ነኝ እማማ። ደብዳቤም አለኝ።"

"ደብዳቤማ ሁሉም አለው።"

ቢሆንም አስገባቻት፤ ግን ከኋላዋ አልተለየችም። ቤቱን ስትጠብቅ፣ ሜዳውን በቀይ አፈር ስትደለድል ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗታል። ናፍቆት ተጫዋቾች ሻይ የሚጠጡበትን ሰፊ በረንዳ፣ የጽድ ምሰሶዎቹን፣ በጣሪያው ጠርዝ ዙሪያ እንደ ጥልፍ የተቆረጠውን እንጨት እያየች ጻፈች።

"ግድግዳው ከምንድን ነው የተሠራው?"

"ድንጋይ ነው" አለች በቀለች፣ ቶሎ ብላ።

ውሸቷን ነው። የዛሬ ስልሳ ዓመት አባቷ ፍሮምሳ በሬዎቹን ከፉሪ ነድቶ አምጥቶ የዚህን ግድግዳ ጭቃ ሲያስረግጥ፣ እሷ ጭድ ታቀብል ነበር። አሁንም ክረምት በወጣ ቁጥር ስንጥቁን በቦካ ጭቃ መርጋ ኖራ የምትቀባው እሷው ናት። ዛሬ ጠዋትም ሜትር የያዘች ልጅ በሰፈሩ ትዞራለች ሲሏት፣ ልስኑ የረገፈበት ቦታ ላይ የራኬት መደርደሪያውን ገፍታ ከልላዋለች።

ናፍቆት ድንጋይ ብላ ጽፋ ብዕሯን ከደነች። "ጭቃ ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር። ይህን ያህል ዘመን የቆመ ባለ በረንዳ የጭቃ ቤት ቢሆን፣ አይነኩም ከሚባሉት ቤቶች ጋር እንዲመዘገብ አቀርበው ነበር። የድንጋይ ቤትማ ሞልቷል።"

በቀለች ዓይን ዓይኗን አየቻት። እያወጣጣችኝ ይሆናል ስትል አሰበች።

"ጭቃ ቢሆንስ የት ትጽፊዋለሽ? እስቲ አሳዪኝ።"

ናፍቆት ቅጹን ሰጠቻት። በቀለች በጣቷ እየተከተለች አነበበችው፤ ገልብጣ ጀርባውንም አየች።

"ይፈርሳል የሚል የት አለ?"

"የለም እማማ።"

"በሌላ ወረቀትስ?"

"እኔ ጋ ያለው ይኸው ብቻ ነው" ብላ ናፍቆት ቦርሳዋን ከፈተችላት። ውስጡ ቻርጀርና ግማሽ ዳቦ ነበር።

በቀለች መደርደሪያውን ወደ ጎን ገፋችው። ከጀርባው ጭዱ የሚታይ ጭቃ ወጣ፤ በላዩም አራት የጣት ፈለግ ወደ ታች ወርዶበታል።

"አባቴ ሲመርግ የተወው ነው። መጀመሪያ ድንጋይ የሚለውን ሰርዢው፤ በደንብ።"

ናፍቆት ሰረዘችው። የሠሪው ስም በሚለው ላይ ፍሮምሳ ብላ ስትጽፍ በቀለች ከትከሻዋ በላይ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ቆጠረች።

ስትሄድ እስከ አስፋልቱ ሸኘቻት። ናፍቆት ለአክብሮት መስሏት ደጋግማ አመሰገነች። በቀለች ግን ልጅቷ ታክሲ ውስጥ እስክትገባ ጠበቀች፤ ከዚያ ተመልሳ ቤቱን ዞረችው፣ የቀይ ቀለም ምልክት ፈለገች። አልነበረም።

መደርደሪያውን ወደ ቦታው አልመለሰችውም። የክለቡን በር ግን ከወትሮው ቀድማ ቆለፈች።