መንገዱን ሊያይ የመጣው ጓድ

በቀደም የሰፈራችን ወላጆች ተሰብስበው፣ ልጆች ትምህርት ቤት በእግራቸው ይሂዱ ወይስ በመኪና ይሸኙ እያሉ ሲጨቃጨቁ አመሹ። አንዱ ቦርጫም ተነሣና፣ «በእግር መሄድ ልጅን ያጠነክራል፤ እኛስ እንዲያ አይደል ያደግነው?» አለ። የመኪናውን ቁልፍ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ነው ይህን የሚለው። ኧረ ዲያ! እንዲህ ያለውን ወሬ ስሰማ ደሜ ይፈላል። እኔ በዕድሜዬ የእግር መንገድ ጥሩ ነው ብሎ የሚሰብክ እግረኛ አላየሁም።

ያደግሁት ከመካነ ሰላም ወዲያ፣ ገደል አፋፍ ላይ ባለች ደብር ነው። አባቴ የደብሯ ቄስ ነበሩ። ዘመኑ የደርግ ነው። ትምህርት ቤት ያለው ከተማ ብቻ ስለሆነ ጎህ ሲቀድ ተነሥተን፣ ገደሉን ወርደን፣ ወንዙን ተሻግረን፣ ዳገቱን ቧጠን ስንደርስ ሰንደቅ ዓላማው ተሰቅሎ፣ መዝሙሩ ተዘምሮ አልቋል። በሩ ላይ አርጩሜ ይጠብቀናል። ወንዙ የሞላ ዕለት ደግሞ ጭራሽ እንቀራለን፤ በማግስቱ ስለቀረን እንገረፋለን። ያጠነክራል ይሉኛል! ለእኔ የተረፈኝ የጉልበት ቁርጥማት ነው።

ነገሩ የድካም ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። አራተኛ ክፍልን ልጨርስ ስል ቁመቴ ሳብ አለ። ወንዙ ዳር ያለው ጫካ ውስጥ ደግሞ ጎረምሶች ሴት ልጅ ይጠብቃሉ፤ ከእኔ በፊት ይማሩ የነበሩ ልጆች እዚያ ተጠልፈው ቀርተዋል። አባቴ ፈሩ። ቁርጤንም ነገሩኝ፤ «ትምህርት ቤቱ እዚህ ከመጣ ትማሪያለሽ። ካልመጣ ይበቃሻል፤ ከእንግዲህ በዚያ ገደል አልሰድሽም።» የገበሬ ማኅበራችን ትምህርት ቤት ይሠራልን ብሎ ለአውራጃው ሲያመለክት፣ ለእመቤታችን የተሳልኩት ስለት የትየለሌ ነው።

አንድ ቀን ከአውራጃው አንድ ጓድ ተላከ። ካኪ ለብሷል፣ ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ ሰክቷል፣ ጫማው ተወልውሎ ያብረቀርቃል። አመሻሽ ላይ ወይራው ሥር ሰበሰበንና ግራ እጃችንን አስነሥቶ መፈክር አስጮኸን። ከዚያ፣ «መንገዱ ሩቅ ነው ትላላችሁ። እኔ በወሬ አላምንም። ነገ ከልጆቹ ጋር በእግሬ ሄጄ፣ በዓይኔ አይቼ እወስናለሁ» አለ። እሰይ! አልኩ በልቤ። አንዴ ያንን ገደል ይቅመሰው እንጂ፣ ከዚያ ወዲያ የምን ምስክር ያስፈልገናል? የራሳችንን ሽማግሎች ግን ረስቻቸው ነበር።

ጠዋት ስንነሣ የአባቴ በቅሎ ተለጉማ፣ ኮርቻዋ ላይ ቡሉኮ ተነጥፎ ደጃፉ ላይ ቆማለች። እኛ ቤት ያደረው ጓድ ገንፎውን በቅቤ በልቶ ወጣ። ሽማግሎቹ ከበቡት።

«ኧረ ነውር ነው ጌታው! እኛ ቆመን እያለን እንግዳ በእግሩ?»

«በእግሬ እሄዳለሁ ብዬ የለ እንዴ?»

«ወላሂ አይሆንም! አፈር ስንሆን! አገር ምን ይለናል?»

«እንግዲህ እናንተን ላለማስቀየም…» አለና እግሩን እርካቡ ላይ አደረገ። ሦስቴ እንኳ አላስለመናቸውም፣ ምን ያለው ልግመኛ ነው!

ከዚያማ ጉድ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ጎልማሶች ግራና ቀኝ ደግፈው እንደ ሙሽራ አወረዱት። ወንዙ ጋ በቅሎዋ ድንጋዩ እንዳያዳልጣት ተባለና አንድ ገበሬ እንኮኮ አድርጎ አሻገረው። ጎረምሶቹማ የት አባታቸው ይታያሉ፣ በዚያ ሁሉ አጃቢ መሐል! ፀሐይ ስትወጣ አባቴ ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ጥምጥማቸው በላብ እስኪርስ ከጎኑ ሱክ ሱክ ይሉ ጀመር። እኛ ልጆቹ ከኋላ እንሮጣለን። እሱ ዞር ብሎ አየንና፣ «ይኸው እየሮጡ ነው! ምን ሆኑ ትላላችሁ?» አለ።

አላስቻለኝም። እርካቡ አጠገብ ደርሼ፣ «ጌታዬ፣ ይውረዱና በእግርዎ ይሂዱ፤ እላይ ተቀምጠው አይታይም» አልኩት። እሱ ሳቀ። «ይህቺ ምላሰኛ! እንደ ሚዳቋ እየዘለልሽ ምን ጎደለሽ?» አለኝ። ከሽማግሎቹ አንዱ ክንዴን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተኝ። «ዝም በይ፣ ባለጌ! እንግዳ ታስቀይሚያለሽ?» አለ። እንግዳው አይቀየም እንጂ የእኔ ነገር የትም ይውደቅ!

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ወረደ። ሸሚዙ እንኳ አልተጨማደደም። «እኔስ ሩቅ መስሎኝ ነበር» አለ። «ደህና መንገድ ነው፣ አየሩም ተስማሚ ነው። ልጆች በእግር ሲሄዱ ይጠነክራሉ፤ አብዮቱ ደግሞ ጠንካራ ወጣት ይፈልጋል። ትምህርት ቤቱ ለባሰበት ቀበሌ ይሰጣል።» የእኛዎቹስ ምን ያደረጉ ይመስላችኋል? አጨበጨቡ! እጅ ነሥተው፣ አመስግነው ሸኙት። «ተመስገን፣ ሳይቀየመን ገባልን» ይባባላሉ ደግሞ። እሱንስ ናቅሁት፣ ድሮም ከእንዲያ ያለ ሰው ምን ይጠበቃል። የእነሱ ግን አንገበገበኝ። ወንዙን በደረቱ የሚሻገር ገበሬ፣ ዳዊት በቃሉ የሚደግም ካህን፣ ለአንድ ካኪ ለባሽ ይህን ያህል ይነጠፋል?

ማታ ከአባቴ ጋር ዳገቱን ስንወጣ እልኬን መዋጥ አቃተኝ።

«አባዬ፣ ለምን በእግሩ እንዲሄድ አልተዋችሁትም?»

«እንዴት ተደርጎ? እንግዳ ነው እኮ።»

«እኔስ?»

ቆም ብለው አዩኝ። ጥያቄው የገባቸው አልመሰለኝም።

«አንቺማ የቤት ልጅ ነሽ» አሉኝ።

መስከረም ሲጠባ ወንዶቹ ገደሉን ወረዱ፤ እኔ ቀረሁ። ዳግመኛ ክፍል ውስጥ የተቀመጥኩት የራሴን ልጅ አንደኛ ክፍል ካስገባሁ በኋላ ነው፣ በማታ ትምህርት።