ኮምፒውተሩን ያለበስኩት ዳንቴል

የጋለ አቧራ ሽታ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ባለፈው ሳምንት የልጄ ኮምፒውተር ሞቆ ሲጠፋ ያው ሽታ ወጣ። «ምንም አይደል እማዬ፣ ሲሞቅ ራሱን ያጠፋል» አለኝ። የያኔው ግን ራሱን ማጥፋት አያውቅም ነበር።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ እኔ ገና የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ። ጥር ላይ፣ በሴሚስተሩ እረፍት፣ ልደታ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የመድኃኒት መዝገብ ኮምፒውተር ላይ እንድጽፍ ተመደብኩ። ያለው ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነበር። ኃላፊው ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ሽበት የጀመራቸው ሰው ነበሩ። ግድግዳው ላይ ቴርሞሜትር ሰቅለው በየሰዓቱ ያዩታል።

«ክፍሉ ከሃያ አምስት ዲግሪ ካለፈ አጥፊው» ይሉኝ ነበር። «የሚተነፍሰው በጀርባው ነው፤ እንዳታፍኚው።»

ተላላኪዋ ትስቅባቸዋለች፦ «ጋሼ፣ እኔን ሲያተኩሰኝ እንዲህ ቢጨነቁልኝ ምን ነበረበት!»

እኔ ግን የተናገሩትን ሁሉ ደብተሬ ላይ እጽፍ ነበር። እንዲወዱኝ እፈልግ ነበር። የሚያበሳጫቸው አቧራው ነው፤ ከጌጃ ሰፈር በኩል ነፋስ ሲነሳ ጠረጴዛው ላይ በጣት ስም ይጻፍበታል። እቤታችን ሬዲዮኑም ቴሌቪዥኑም ዳንቴል ለብሶ ነው የሚኖረው። እናቴን ለመንኳትና ገበር ያለው፣ እስከ ጠረጴዛው የሚወርድ ነጭ ዳንቴል ሠራችልኝ።

አንድ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ሄደው ሳለ ማሽኑ መዝገቡን በፊደል ተራ እየደረደረ ነበር። ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። ቴርሞሜትሩን አየሁ፤ ሃያ ሁለት ይላል፤ ክፍሉ ከሃያ አምስት እስካላለፈ ችግር የለውም አልኩ። አቧራ እንዳይገባበት ዳንቴሉን አለበስኩትና ደስ ብሎኝ ምሳዬን ልበላ ወጣሁ።

ስመለስ ሽታው ኮሪደሩ ላይ ተቀበለኝ። ማሽኑ ተቃጥሏል፤ የስንት ወር መዝገብ አብሮት ጠፍቷል። ኃላፊው ቀድመውኝ ደርሰው ዳንቴሉን አጣጥፈው በጋዜጣ ይጠቀልሉ ነበር።

«ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው።»

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ...»

«ክተቺው አልኩሽ!»

ቅዳሜ የሂስና ግለሂስ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ «ጓድ፣ የሕዝብ ንብረት እንዴት ተቃጠለ?» ሲሉ ኃላፊው ተነሡ። «ሙቀቱን መከታተል የእኔ ሥራ ነበር። ቸልተኛ ሆኛለሁ።»

«አሻጥር ላለመሆኑስ ምን ማረጋገጫ አለ?» አለ አንዱ ከኋላ።

እኔ ነኝ ልል እጄን ከጭኔ ላይ አነሣሁት። ከዩኒቨርሲቲ ስባረር ታየኝ፤ ከዚያም የባሰ ታየኝ። መልሼ አስቀመጥኩት።

ሳይታሰሩ ቀሩ፤ ግን ክፍለ ሀገር ወዳለ መጋዘን አዛወሯቸው። ቤተሰባቸው እዚሁ ቀረ። ሊሄዱ ሰሞን አብነት መንገድ ላይ አገኘኋቸው፤ ትንሿን ልጃቸውን እጇን ይዘዋል።

«ትምህርት እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ደኅና ነው ጋሼ።» ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ አለፉ።

«አባዬ፣ ማናት?» ስትል ሰማኋት።

«ተማሪዬ ናት» አሏት። «በጣም ጠንቃቃ ልጅ ናት።»