ለቅሶ ያልተደረሰበት ግንብ

ረመዳን ሲገባ ከጎረቤቴ ሱቅ የቴምር ካርቶን ይከፈታል፤ ሽታው ገና ከመንገድ ይቀበለኛል። ሌላው ሰው ምራቁን ሲውጥ እኔ እርምጃዬን አፈጥናለሁ። ቴምር የምጠላ እንዳይመስልሽ። ታስረን የነበርንበት ግንብ የሚሸተው እንደዚያ ስለነበር ነው።

ሞባይል ስልክ ገና ወደ አገራችን በገባ ሰሞን ከመካነ ሰላም የወጣነው እኔና አብሮ አደጌ ነበርን። ዓረብ አገር ሠርተን የቤታችንን ሣር በቆርቆሮ ልንለውጥ ነበር ሐሳባችን። ይዞን የወጣው ደላላ ባሕሩን አሻግሮ ለማናውቃቸው ሰዎች አስረከበን። እነሱም ቤተሰቦቻችሁ ማስለቀቂያ ይላኩ ብለው፣ ከሌሎች ያገራችን ልጆች ጋር ባሕር ዳር ያለ አሮጌ የቴምር መጋዘን ውስጥ ቆለፉብን። በሩ ብረት ነው። መስኮት የምንላት ከጣሪያው ሥር ያለች ቀዳዳ ነበረች፤ ከሷ የምትገባዋን ብርሃን እየተከተልን ቦታ እንቀያየር ነበር። ግድግዳው ላይ የዛጉ የብረት ቀለበቶች ነበሩ። ነጠላችንን እንሰቅልባቸው ነበር።

ውሃ የሚያመጣልን ሽማግሌ አንድ ቀን የተሰቀለውን ነጠላ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ባሪያ ይሸጥ በነበረበት ዘመን ከኛ አገር እየተነዱ የመጡ ሰዎች መርከብ እስኪመጣ ድረስ በነዚያ ቀለበቶች ይታሰሩ እንደነበር፣ ብዙዎቹም እዚያው እንደሞቱ በተሰባበረ አማርኛ ነገረን። ነጠላዬን አወረድኩ።

ከሁላችን ታላቅ የነበረችው የወግዲ ሴት ግን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

"እህ፣ ምነው እናንተ፣ ለቅሶ ቤት ገብተን ነው እንዴ ስንበላ ስንተኛ የከረምን?" አለች።

እኛ ዘንድ ለቅሶ ዘግይቶም ቢሆን ይደረሳል። ሳይደርሱ በሐዘን ቤት እህል መቅመስ ነውር ነው። "ማን አለቀሰላቸው?" ብላ ጠየቀችን። መቀነቷን አጠበቀችና ሙሾ አወረደች። ክርስቲያኑም እስላሙም ተቀበላት። እኔ ለእነሱ ብዬ ጀምሬ ለራሴ አለቀስኩ። አብሮ አደጌ ትኩሳት ይዟት ተኝታ ነበር፤ እሷም እንደ ወጉ ደረቷን በቀስታ ትደቃ ነበር።

ዘበኞቹ ሰው የሞተ መስሏቸው በሩን በርግደው ገቡ። ሬሳ ሲያጡና ለድሮዎቹ ሙታን እንደምናለቅስ ከሽማግሌው ሲሰሙ በዱላ ወረዱብን። ሽማግሌው የሚሉትን ተረጎመልን፦ "ከእንግዲህ ብታለቅሱ ዞር ብሎ የሚያያችሁ የለም።" በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ የገባው የባሕር ነፋስ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። አብሮ አደጌ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ነፋሱን በአፏ ተቀበለችው።

"ደስ ሲል" አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ትኩሳቱ ባሰባት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትንፋሿ ሲቆራረጥ ሁላችንም በሩን እየደበደብን ጮህን፣ አለቀስን። ሐኪም እንኳ ባይኖር ያ ነፋስ ይድረስላት ብለን ነበር። ዘበኞቹ እውጭ ሆነው ሲሳሳቁ ይሰማናል፤ እንደገና ለድሮዎቹ የምናለቅስ መስሏቸዋል። "አብሽሪ፣ አሁን ይከፍቱታል" እላታለሁ። ሳይከፍቱት ሞተች። የወግዲዋ ሴት "ጩኸታችንን ያስናቅሁት እኔ ነኝ" እያለች ፀጉሯን ነጨች። አልፈረድኩባትም፤ ዛሬም አልፈርድባትም።

ቤተሰቦቼ ማስለቀቂያውን ልከው አገሬ ስገባ ከቤቴ በፊት ወደ አብሮ አደጌ እናት ሄድኩ። አጠገባቸው ተቀምጬ የሆነውን ነገርኳቸው። ስጨርስ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ለቅሶዋ ላይ ሰው ነበር፣ ልጄ?"

"ነበር፣ እማማ። ያገር ሰው ነው ያለቀሰላት።"

"ተመስገን" አሉ።

ዘበኞቹ መሳቃቸውን አልነገርኳቸውም። የቤቱ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ተነስቼ ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ሐምሌ ነበር፤ ብርዱ ዘልቆ ገባ። እናቷ ዝጊው አላሉኝም።