ጣት፣ ተረከዝ

የቤት ስሟ «ነካኪዋ» ነው። ልጅ ሆና ያልፈታታችው ሬዲዮ፣ ያልነቀለችው ማብሪያ ማጥፊያ የለም። አድጋም አልተሻላት! ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ሰው ያለ ኪቦርድና ያለ ማውስ ከኮምፒውተር ጋር እንዴት እንደሚግባባ ታጠናለች። በቅንድብ አዘዘችው፣ በጉንጭ አዘዘችው፣ በትንፋሽም ሞከረች። «አሁን ይሄ ሥራ ነው?» ትላታለች ታላቅ እህቷ። ሥራ ነው እንጂ፤ ምን ሊሆን ኖሯል!

አባታቸው ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበር። ስትሮክ ከመታው ወዲህ አንደበቱም እጆቹም ከዱት፤ የሚታዘዝለት ቀኝ እግሩ ብቻ ቀረ። እህትየው «አባዬ ምንም አይገባውም፣ በቃ አታድክሚው» ማለት ከጀመረች ሰነባብታለች። እዚያው እፊቱ ቁጭ ብላ ስለ እሱ ታወራለች። ነካኪዋን የሚያንገበግባት ይሄ ነው። ቢገባውስ?

ፔዳል ሠራችለት። ስክሪኑ ላይ ፊደሎች ተራ በተራ ይበራሉ፤ የፈለገው ሲበራ በጣቶቹ ይረግጣል፣ ከተሳሳተ በተረከዙ ተጭኖ ያጠፋል። አባትየው ፔዳሉን ሲያይ ፊቱ በራ። ረገጠ። ፊደል ብቅ አለ፤ ወዲያው ጠፋ። ደግሞ ረገጠ፤ ደግሞ ጠፋ። ከሰዓቱን ሙሉ እንዲሁ ሆነ።

«አላልኩሽም?» አለች እህትየው። ልታለቅስ ምንም አልቀራትም።

ነካኪዋ ኩምሽሽ ብላ ሽቦውን ልትነቅል ጠረጴዛ ሥር ገባች። እዚያ ሆና የአባቷን እግር አየች። ጣት፣ ተረከዝ። ጣት፣ ተረከዝ። እንዴ! ሱቅ ውስጥ፣ የስፌት መኪናው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ስትለቅም ይህን እግር እያየች አይደል ያደገችው? የአባቷ የኤሌክትሪክ መኪና በጣት ሲረገጥ ይሰፋል፣ በተረከዝ ሲጫኑት ክር ይቆርጣል። አባዬ ፊደል መርጦ በጨረሰ ቁጥር ክሩን እየቆረጠ ነበር!

«እኔ ነኝ ደደቧ!» ብላ ብድግ ስትል ጭንቅላቷን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨችው። አመማት? እሷ እቴ! ትስቃለች። ወዲያው ተረከዙ ፊደሉን ማጥፋቱን ትቶ እንዲያጸናው አድርጋ አስተካከለችው።

አባትየው ረገጠ፣ ቆረጠ። ረገጠ፣ ቆረጠ። እህትየው ስክሪኑ ድረስ ተጠግታ ጮክ ብላ አነበበችው።

«የቀሚስሽ... ጠርዝ... ተንጋዷል።»

ጎንበስ ብላ ቀሚሷን አየች። እውነትም ተንጋዷል።

«አባዬ! ከመቼ ጀምሮ ነው ያየኸው?»

እግሩ ሥራውን ቀጠለ። «ከገዛሽው ቀን።»

ቀሚሱን ከገዛች ከርማለች። እፊቱ ያወራችው ሁሉ ትዝ አላትና እግሩ ሥር ዘፍ ብላ ጉልበቱን አቀፈችው።

«ይቅር በለኝ፣ አባዬ» አለችው፤ እያለቀሰችም እየሳቀችም። «እሺ፣ ሌላስ? ሌላስ ምን አየህ?»