አክስቴና የአሻራ ማሽኑ

አክስቴ ሳይንስን የምትወድ ሴት ነበረች። ፊደል በደንብ አልቆጠረችም፤ ዕድሜዋን ሆስፒታል ውስጥ የፈጀ ሰው ግን ብዙ ነገር ያያል። የማዋለጃ ክፍሉንና ደጁ ላይ ያለውን ረጅም ኮሪደር የምታጸዳው እሷ ነበረች። ማታ ቤት ስትገባ የምታወራልን ተረት ሳይሆን ማሽን ነበር፤ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በመስታወት ሣጥን ውስጥ እንዴት እንደሚሞቁ፣ ራጅ ሥጋውን ሳይነካ አጥንቱን እንዴት እንደሚያሳይ፣ አልትራሳውንድ የሚሉት ነገር ደግሞ ገና ያልተወለደ ልጅ ጣቱን ሲጠባ እንዴት እንደሚያሳብቅበት። «የሰው ልጅ ለካ ጅል አይደለም!» ትላለች፣ ሁሉንም ራሷ የፈለሰፈችው ይመስል እየተኩራራች።

እናቴ ስትሞት ወስዳ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ልጅ ሆኜ ፊቴን ስታጥበኝ እጮህ ነበር። ውሃው ቀዝቅዞኝ አይደለም፤ እጇ ይፍቀኝ ስለነበር ነው። በረኪናው፣ ሳሙናውና የፈላው ውሃ መዳፏን ሞረድ አድርገውት ነበር። ጓንት የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ፣ ግን ለሐኪሞቹ ነው። ለጽዳት የሚደርሰው ሁለት ቀን ሳይቆይ ይቀደድና በቀዳዳው በረኪና ይሞላል። እሷም አውልቃ ትጥለውና «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው» ብላ በባዶ እጇ ባልዲው ውስጥ ትገባለች።

ጡረታ ለመውጣት ዓመት ከምናምን ሲቀራት ሆስፒታሉ የአሻራ ማሽን ገዛ። እውነቱን ለመናገር ሳያስፈልግ ቀርቶ አልነበረም። የፊርማ መዝገቡ መቀለጃ ሆኖ ነበር፤ አንዱ ለአምስት ሰው ፈርሞ አምስቱም ቤታቸው ይተኛሉ። አዲሱ አስተዳዳሪ ሠራተኛውን ሰብስቦ «ከእንግዲህ የሚሠራና የማይሠራ ይለያል» ሲል ከሁሉም አብልጣ ያጨበጨበችው አክስቴ ናት። ማታ ቤት ገብታም ጭብጨባው አልለቀቃትም ነበር። «አሁን ገና የሠራ ሰው ሊታወቅ ነው!» አለችኝ።

ሲመዘግቧት በስንት መከራ የአንድ አውራ ጣቷን አሻራ ያዘላቸው። በማግስቱ በሩ ላይ ቆማ ያንኑ ጣት ስታሳርፍ ማሽኑ በሴት ድምፅ «እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» አላት። ሞከረች። እንደገና ይሞክሩ። ጣቷን በቀሚሷ ጠርጋ ሞከረች። እንደገና ይሞክሩ። አክስቴ ከኋላዋ ወደተሰለፉት ዞራ «ቢያንስ ጨዋ ናት፤ አንቱ ትለኛለች። እዚህ ግቢ ውስጥ አንቱ ብሎኝ የሚያውቅ አለ?» አለች። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ።

በሳምንቱ ግን የሚስቅ አልነበረም። «እትዬ፣ በአንቺ የተነሳ እኛም ልንቀር ነው!» ይሏት ጀመር። እሷም ከጎን ቆማ ሰው ሁሉ እስኪያልፍ ትጠብቅና ብቻዋን ማሽኑን ትለማመጣለች። ከዚያ ገብታ ወለሏን ትወለውላለች። ወሩ ሲያልቅ ደመወዟ ተቆርጦ፣ «በተደጋጋሚ ከሥራ በመቅረትሽ» የሚል የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ስንብት ነው፤ ከተሰናበተች ደግሞ ያ ሁሉ ዘመን የጠበቀችው ጡረታ ገደል ገባ ማለት ነው።

ደሜ ፈልቶ አስተዳዳሪው ዘንድ አብሬያት ሄድኩ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ እንዲያውም በአክብሮት ከወንበሩ ተነስቶ ተቀበለን።

«እኔማ በየቀኑ አያታለሁ» አለኝ። «ጠዋት ጠዋት እርጥቡን ወለል እየዘለልኩ ነው ቢሮዬ የምገባው። ሲስተሙ ግን አያያትም።»

«ታዲያ ወለሉን የሚያጸዳው ጂኒ ነው?»

«እህቴ፣ ሲስተም እገሌ ከእገሌ አይልም። ደግነቱም እሱ ነው። ዛሬ ለእሷ ብዬ በወረቀት ባስፈርም ነገ መቶ ሰው ጣቴ አልሠራ አለኝ ይለኛል።»

ሌላ ክፍል የምታጸዳ ባልደረባዋ አክስቴ በየቀኑ እንደምትገባ ልትመሰክርላት ፈቃደኛ ነበረች። ይህን ስንነግረው ሳቅ አለና «የአይጥ ምስክር ድንቢጥ!» ብሎ ስልኩን አነሳ። መውጣት እንዳለብን ገባን።

ከዚያ ያልተሞከረ ነገር የለም። ቫዝሊን፣ ግሊሰሪን፣ ሎሚ፣ ጣትን በትንፋሽ ማሞቅ፣ ፀጉር እያሹ ማወዛት፣ ሁሉም ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነ። በመጨረሻ የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ባለሙያ አዝኖላት ጣቷን መብራት ሥር አገላብጦ አየው። «እናቴ፣ መስመሩ እኮ የለም» አላት። «ተፍቆ አልቋል። ቆዳ ግን ራሱን ያድሳል። ውሃና በረኪና ሳትነኪ ጥቂት ሳምንት ብትቀመጪ ይመለሳል።»

የዓመት ፈቃዷን ወሰደች። ዕድሜዋን ሙሉ አርፋ የማታውቅ ሴት እጇን ቫዝሊን ተቀብታ፣ በሁለት ፌስታል አስራ ሶፋ ላይ ተቀመጠች። ሻይዋን እኔ አጠጣታለሁ። ባለቤቴ «ሙሽሪት ዛሬ እንዴት ዋለች?» እያለ ያሾፍባታል፤ እሷም «አንተን ሚዜ አድርጌ!» ብላ ትመልስለታለች። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ጨርቅ በእግሯ እየገፋች ሳሎኑን ስትወለውል ያዝኳት፤ እጅ ከፍንጅ ማለት እዚህ ላይ አይሠራም እንጂ። «በእጄ አልነካሁም!» አለችኝ እንደ ጥፋተኛ ልጅ።

ሥራ በገባች ዕለት ጠዋት ደወለችልኝ። ልቅሶና ሳቅ ተደባልቆባት ነበር። «አወቀኝ! አመሰግናለሁ አለኝ እኮ!»

ደስታዋ ሁለት ሳምንት ቆየ። ሁለት ሳምንት ወለወለች፣ አጠበች፣ የወላዶቹን አንሶላ ዘፈዘፈች። ከዚያ ማሽኑ እንደገና ይሞክሩ አላት። ወዲያው ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ መጣ።

በዚሁ ጊዜ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ምን ይሠራ እንደነበር ልንገራችሁ። ጠዋት ይመጣል፣ ያንን ሥራ ነክቶት የማያውቅ ጣቱን ያሳርፋል፣ ማሽኑ ያመሰግነዋል። ከዚያ አጥሩን ዞሮ ከበሩ ፊት ለፊት ያለውን የራሱን ሱቅ ሲነግድ ይውላል። ሥራ ሊያበቃ ሲል ተመልሶ ጣቱን ያሳርፋል፣ ማሽኑም ደግሞ ያመሰግነዋል። ማሽኑ ከገባ ወዲህ አንድም ቀን አልቀረም ተብሎ በሠራተኛው ስብሰባ የምስክር ወረቀት ተሸለመ። ዓይኑን በጨው አጥቦ መድረክ ላይ ወጥቶ ተቀበለ። አክስቴም ከኋላ ወንበር ሆና አጨበጨበች።

ማታ እራት ቀርቦ እንኳ አልነካችም። «ይሄ ማሽን የጠላው እኔን ነው ወይስ ሥራን?» ስትል ጠየቀችኝ።

መላውን ያመጣችው የጽዳት ኃላፊዋ ናት። ጎተት አድርጋ መጋዘን አስገብታ «እትዬ፣ ሞኝ አትሁኚ» አለቻት። «ግቢ፣ ጣትሽን አሳርፊ፣ ከዚያ እዚህ ቁጭ በይ። ዓመት ምን አላት? እኔ አላየሁም።»

«በእኔ ክፍል እኮ ሰው ይወለድበታል» አለቻት አክስቴ።

«አንቺ ከተባረርሽም ይወለድበታል።»

ሁለት ቀን አሰበችበት። ከዚያ ተቀመጠች። ጠዋት ቫዝሊኗን ተቀብታ ትገባለች፣ ማሽኑ ያመሰግናታል፣ ከመወልወያዎቹና ከባዶ ባልዲዎቹ መሃል በርጩማ ላይ ትውላለች። አልፎ አልፎ ደረቅ መወልወያ በኮሪደሩ መሃል ጎተት ታደርጋለች፤ ጥግ አትነካም፣ አልጋ ሥር አትገባም፣ ውሃ አታይም። የሚተካት ሰው አልተቀጠረም፤ ለምን ይቀጠራል፣ ሠራተኛዋ በየቀኑ ገብታለች። ቤት ስትመጣ ስለ ማሽን ማውራት አቆመች። ውሎሽ እንዴት ነው ስላት «ሆድ ይፍጀው» ትለኛለች።

እኔ ያረገዝኩት በዚያ ዓመት ነው። ልጄን አልትራሳውንዱ ላይ ጣቷን ስትጠባ አየኋት፤ አክስቴ እንደነገረችኝ ልክ እንደዚያው ነበር። የወለድኩትም እዚያው ሆስፒታል፣ አክስቴ ዕድሜዋን ባጸዳችው ክፍል ውስጥ ነው። ምጡ አልፎልኝ አንገቴን ወደ ጎን ሳዞር የጎረቤቴ አልጋ ሥር ከእኔ በፊት የወለደች ሴት የደረቀ ደምና ጥጥ አየሁ። ግድግዳው ጥግ ላይ የፈሰሰ ነገር ደርቆ ዝንብ ሰፍሮበታል። ክፍሉ በረኪና አይሸትም ነበር። ያ ሽታ በልጅነቴ የአክስቴ ሽታ ነበር፤ እንደዚያ ቀን ናፍቆኝ አያውቅም።

አክስቴ መጣች። ጋወኗን አውልቃ የራሷን ቀሚስ ለብሳ ነበር። ሕፃኗን አቀፈቻት፣ ከዚያ በነጻው እጇ ጉንጬን ዳበሰችኝ። ደነገጥኩ። እጇ ለስላሳ ነበር፤ እንደ ንብረት ክፍሉ ሰውዬ እጅ ለስላሳ። ዓይኔን ጨፍኜ ቢሆን ኖሮ ማን እንደነካኝ አላውቅም ነበር። መደንገጤን አየችና እጇን ቶሎ ከሻርፗ ሥር ሸሸገችው። ማልቀስ ጀመርኩ፤ የወለደች ሴት ብታለቅስ ማንም ለምን አይልም።

በዚህ መሃል ለክፍሉ አዲስ የሆነች ወጣት ነርስ ገባች። ጫማዋ ወለሉ ላይ ተጣበቀባትና ነጭቃ አወጣችው። ከዚያ ዙሪያውን አየች፣ አልጋው ሥርም ጎንበስ ብላ አየች፣ ፊቷ ቀላ።

«ሰው የሚወለድበት ቦታ እኮ ነው ይሄ! የዚህ ክፍል ጽዳት ማናት? ዛሬም የለችም?»

እኔ አፌን ከፈትኩ፤ ምን ልል እንደነበር አላውቅም። አክስቴ ቀደመችኝ። ዓይኗን ከሕፃኗ ሳታነሳ፣

«ቀርታለች ልጄ» አለቻት። «ከቀረች ቆየች።»