የመደብሩ ተፎካካሪ አያ ማሐሪ

አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ዩድ በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ አያ ማሐሪን የማያውቅ የለም። እኔ ከእሳቸው በታች ባለው ፎቅ ነው የምኖር። ስለ ሰው ጽፌ አላውቅም። ስለ እሳቸው ሌላ ሰው ይጽፋል ብዬ ብጠብቅ ብጠብቅ ጠፋ፤ እንግዲህ እኔው ልሞክር።

በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከመጡት ናቸው። የከተማው ወደብ ላይ ብዙ ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሥራቸው የለቅሶ ማኅበራችን ነው፤ ሰው ሲሞት ወንበሩንም ምግቡንም የሚያዘጋጅ ማኅበር። በየወሩ እስከ ሌላው ሰፈር እስከ ሮቫ ቴት ድረስ ቤት ለቤት እየዞሩ መዋጮ ይሰበስባሉ። ግን ተቀብለው አይሄዱም፣ ይቀመጣሉ። ማን ታመመ፣ የማን ልጅ ወታደር ቤት ገባ፣ ማን ከማን ተኳረፈ፣ ሁሉን ሰምተው ነው የሚነሡ። ስንቱን አስታርቀዋል።

ልጃቸው ይስራኤላ እዚሁ የተወለደች ናት፤ የኮምፒውተር ፕሮግራም ትሠራለች። የለቅሶ ወሬ በጽሑፍ ሲላክ እንደ እኔ የስልክ ደቃቅ ፊደል ማንበብ የሚቸግረው ምን ይሁን ብላ ስልክ ላይ የሚጫን፣ እዚህ አፕሊካጽያ የምንለውን መተግበሪያ ሠራች። የአባቷ ድምፅ በአማርኛ እገሌ አረፈ፣ ለቅሶው እዚህ ቤት ነው ይላል። መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ፣ መዋጮ ያልሰጣችሁ ለእኔ ለማሐሪ በእጅ ስጡኝ፣ በር ክፈቱልኝ ይላሉ።

ጣጣው የመጣ ከዚህች ቃል ነው። አፕሊካጽያ ወደ ስልካችን የሚገባው በአንድ ትልቅ ኩባንያ መደብር በኩል ነው፤ ሌላ በር የለውም። ኩባንያው ድምፁን አስተርጉሞ ሰማና፣ ሰዎች ከእኛ ካዝና ውጭ እንዲከፍሉ ትመራላችሁ አለ። ወይ ቃሏ ትውጣ፣ ወይ በእኛ በኩል ይከፈልና ከመቶው ሠላሳውን እንውሰድ። አያ ማሐሪ ሳቁ። ከለቅሶ ላይ ድርሻ የሚጠይቅ አይቼ አላውቅም አሉ። ይስራኤላ ቃሏን አላወጣችም፤ እነሱም አፕሊካጽያውን ከመደብሩ አወጡት።

ከዚያ ስልክ የቀየረ ሁሉ አጣው። እኔም አጣሁት። በዚያው ሰሞን የሮቫ ቴቷ ሐረጊቱ ባሏ ሞተባት። አያ ማሐሪ ጉልበታቸውን ታመው ተኝተው ነበርና ዞሮ የሚናገር ጠፋ። ብዙዎቻችን የሰማነው ለቅሶው ከተነሣ በኋላ ነው። ወንበሩ ባዶውን ዋለ አሉ። አያ ማሐሪ ይህን ሲሰሙ ሳቁን ተዉት።

ይስራኤላ የንግድ ውድድርን ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት አቤት አለች። በመደብሩ የተማረሩ ሌሎች ፕሮግራም ሠሪዎች፣ ስምሽን አትስጪ፣ ነገ ሌላውንም ሥራሽን ያወጡብሻል አሏት። ስሟን ግን ሰጠች። ኢየሩሳሌም ለስብሰባ ሲጠሯት አባቷም እያነከሱ ሄዱ፤ ነይ ስላሉኝ እኔም አብሬያቸው ሄድኩና ከኋላ ተቀመጥን።

የኩባንያው ጠበቃ ድምፁ ሰውን ወደ ተፎካካሪ የክፍያ ድርጅት ይመራል ብሎ ብዙ ተናገረ። ሰብሳቢዋ ሴትዮ ይህ ተፎካካሪ ማን ነው ብላ ጠየቀች። ጠበቃው ወረቀቱን ሲያገላብጥ አያ ማሐሪ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

"እኔ ነኝ" አሉ።

ሰብሳቢዋ አየቻቸው። "ስንት ሠራተኛ አለዎት?"

"ሁለት ጉልበት አለኝ። ግራው የሕመም ፈቃድ ወጥቷል።"

አዳራሹ ሳቀ፤ ጠበቃውም ሳይወድ ሳቀ። እኔ ግን ይስራኤላን ነበር የማይ፣ አልሳቀችም። ሳቁ እስኪበርድ ቆይታ፣ "በሩ የእነሱ ነው" አለች። "ሌላ መንገድም አለ ብለን እንዳንናገር ግን እንዴት ይከለክሉናል?"

ሰብሳቢዋ ጥያቄውን ጻፈችው።

ያን ዕለት ውሳኔ አልተሰጠም። ከፋሲካ በኋላ ግን መሥሪያ ቤቱ ኩባንያውን መልስ ስጥ ብሎ ጻፈበት፤ ብዙም ሳይቆይ አፕሊካጽያው ወደ መደብሩ ተመለሰ። ስልኬ ላይ ጫንኩና እስከ መጨረሻው አዳመጥኩ። በር ክፈቱልኝ የምትለው አለች፤ አንዲት ቃል አልጎደለም።

የመጀመሪያው ጥሪ የሐረጊቱ ባል ተዝካር ነበር። ከአሽዶድም ከሌላ ከተማም ሰው ጎረፈ። ማኅበሩ ያመጣው ወንበር አልበቃ ብሎ ከጎረቤት ሕንፃ ተበደርን፤ ያም አልበቃም። ሐረጊቱ በር ላይ ቆማ የሚገባውን እያየች፣ ያን ጊዜ የቀረብኝ ሰው ዛሬ መጣልኝ አለች።

ወጣቶቹ አያ ማሐሪን "ተፎካካሪው፣ ይቀመጡ እንጂ" እያሉ ይቀልዱባቸዋል። የት ይቀመጡ? ወንበራቸውን ለእንግዳ ሰጥተው፣ በዚያ በታመመ ጉልበት ቆመው ይስቃሉ።